የሚሠራውን ስጡን ማለት ነውር አይደለም



በየቤታችን የቆየ አንድ ልማድ አለ። የበዓሉ ወጥ ከድስቱ ወጥቶ ለቤተ ሰቡ ከመቅረቡ በፊት፣ ድፎ ዳቦውም ተቆርሶ ለልጆች ከመታደሉ በፊት እናት ለነዳያንና ለአቅመ ደካማ ጎረቤት የሚሆነውን በሌላ ሳሕን ታስቀምጣለች። ይህ ድርሻ ቀድሞ የሚነሣ እንጂ ከማዕድ የሚተርፍ አይደለም። ተበልቶ ካበቃ በኋላ የተሰበሰበውን ወደ ሰው ቤት መላክ በእኛ ዘንድ ስጦታ አይባልም፤ ስድብ ነው። በልጅነታችን ሳሕኑን ሸፍነን ወደ ጎረቤት የተላክን ሁሉ ይህን እናውቃለን።

ዛሬ በዚህ የበዓል ገጽ የምናነሣው ጉዳይ ከዚህ ልማድ የራቀ ሊመስል ይችላል። ጉዳዩ ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። ውድ አንባብያን ጥቂት ከታገሡን ግንኙነቱን እናሳያለን።

እኛ በአዊ ዞን ተወልደን ያደግን፣ ዛሬ ከፊላችን በአዲስ አበባ፣ ከፊላችንም እዚያው በእንጅባራና በዳንግላ የምንኖር ጥቂት ሰዎች ነን። ወላጆቻቸውን ላጡ ወይም ወላጆቻቸው አቅም ላነሳቸው ተማሪዎች ደብተርና የደንብ ልብስ የሚገዛ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጥ አነስተኛ የበጎ አድራጎት ማኅበር አለን። ማኅበሩ ቢሮ የለውም፤ ማኅተሙ የሚቀመጠው በጸሐፊው ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ስለ ኮምፒውተር አስበን አናውቅም ነበር። ደብተርና እስክሪብቶ ከሞላን የሚበቃ ይመስለን ነበር።

ነገሩን የለወጠው ፈተና ነው። በ2015 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር ተሰጠ። በዓመቱ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በወረቀት ከሚሰጠው ጎን ለጎን በኮምፒውተርም መሰጠት ጀመረ። ከምንረዳቸው ልጆች አንዷ ከፈተናው ስትመለስ የነገረችንን አንረሳውም። የጥያቄዎቹን መልስ ታውቀዋለች፤ ነገር ግን ዘላ ያለፈቻቸውን ጥያቄዎች ተመልሳ የምታገኝበትን መንገድ ስትፈልግ ሰዓቱ አለቀባት። ማውስ በእጇ ስትይዝ ያ ሁለተኛ ጊዜዋ ነበር፤ የመጀመሪያው ከፈተናው በፊት በተሰጠው ገለጻ ላይ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የተማረ ልጅ የሚመዘነው በዕውቀቱ መሆኑ ቀርቶ በጣቱ ቅልጥፍና ሲሆን ዝም ብሎ ማየት ከባድ ነው። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ መቆየቱ አይዘነጋም። የአዊ ልጆች ከሌላው አገር እኩዮቻቸው ወደ ኋላ የቀሩት በፍላጎት ማጣት አይደለም።

ስለዚህ ላፕቶፕ ፍለጋ ወጣን። ላፕቶፕ ያልነው በምክንያት ነው። የጠረጴዛ ኮምፒውተር ከነስክሪኑ የሚፈጀው የኤሌክትሪክ ኃይል ከላፕቶፕ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ መብራት ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል። ላፕቶፕ ግን ባትሪው ደኅና ከሆነ ትምህርቱን እስከ ማብቂያው ያደርሳል። ቅዳሜ እንጅባራ፣ እሑድ ዳንግላ በአንድ ቦርሳ ይዞ መሄድም ይቻላል።

ደብዳቤ ጻፍን፤ ማኅተም መታን፤ በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ጠናን። ከብዙ ምልልስ በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት አሥራ አንድ ላፕቶፖች ሊሰጠን ፈቀደ። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። በርክክቡ ዕለት ንግግር ተደረገ፤ ፎቶግራፍ ተነሣን፤ አሥራ አንድ ላፕቶፕ በሚገባ ተረክበናል ብለን ፈረምን። ከዚያም በካርቶን አድርገን ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ አጓጉዘን እንጅባራ አደረስናቸው።

በእንጅባራ ካርቶኖቹን ስንከፍት አራቱ ገና ሲነሡ የይለፍ ቃል የሚጠይቁ ሆነው ተገኙ። ቃሉን የሚያውቀው ሠራተኛ ከመሥሪያ ቤቱ ከለቀቀ ቆይቷል ተባልን። ሦስቱ ቻርጀር አልነበራቸውም። ሁለቱ ሃርድ ዲስካቸው ተነቅሎ ወጥቷል። የሠሩት ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ ከእነርሱም አንዱ ከሶኬት ሲነቀል ወዲያውኑ ድርግም የሚል ነበር። ልጆቹ ቆመው ያዩ ነበር።

ውድ አንባብያን፣ ሰጪውን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምንጽፈው። ጥፋቱ በአብዛኛው የእኛ ነው። በርክክቡ አዳራሽ ውስጥ ሰባት ሰዎች ነበርን፤ አንዳችንም ‹‹እስቲ አንዱን እንክፈተው›› አላልንም። ለምን ዝም አልን? መልሱን ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያውቀዋል፤ ይሉኝታ ነው። በነጻ የሚሰጥን ሰው ‹‹ይሠራል ወይ?›› ብሎ መጠየቅ ምስጋና ቢስነት መሰለን። የዝምታችን ዋጋ ደግሞ በመጓጓዣ ብር ብቻ አላበቃም። ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ ድርጅት ዘንድ ሄደን ብንጠይቅ ‹‹እናንተማ አሥራ አንድ ላፕቶፕ አግኝታችኋል፤ ለሌላ እንስጥ›› ተባልን። ልክ ናቸው፤ በወረቀት ላይ አሥራ አንድ አለን፤ ፊርማችንም አለበት።

እንግዲህ የአዊ ሰው ሆኖ እንዲህ መታለል ያሳፍራል። አገራችን የፈረስ አገር ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል። በዚህ አገር ፈረስ ሊገዛ ገበያ የወጣ ገበሬ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል፤ ኮቴውን አንሥቶ ይመረምራል፤ ሰው አስቀምጦ ያስሮጠዋል። ሻጩ በዚህ አይቀየምም። ለዘመድ በነጻ የሚሰጥ ፈረስ ቢሆን እንኳ ሰጪው ራሱ ‹‹ግራ እግሩን ትንሽ ያነክሳል፤ ዳገት አታስወጣው›› ብሎ ይናገራል። ላፕቶፕ ላይ ስንደርስ ይህ ሁሉ ማስተዋል የት ገባ?

ላፕቶፕም ጥርስና ኮቴ አለው። ተከፍቶ እስከ መጨረሻው መነሣቱን ማየት የመጀመሪያው ነው። ከሶኬት ነቅሎ ግማሽ ሰዓት ማቆየት የባትሪውን ነገር ይነግራል። ቻርጀሩ አብሮ መኖር አለበት፤ የቻርጀር ጫፍ እንደየስሪቱ ስለሚለያይ ‹‹ከሌላ እናገኛለን›› ማለት አያዋጣም። የፊደል ገበታውን አንድ በአንድ መንካት፣ ስክሪኑን ማየት፣ የይለፍ ቃሉ መነሣቱን ማረጋገጥ ግድ ነው። በተለይ ትልልቅ ድርጅቶች ማሽኖቻቸውን ከሩቅ የሚቆልፉበት ዘዴ ስላላቸው ከድርጅቱ መዝገብ ካልተለቀቀ ማሽኑ ውጪው ቢያምርም ዕቃ አይሆንም። ማሽኑ አዝጋሚ መሆኑ ግን ያን ያህል አያስፈራም። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ አውጥቶ ኤስ ኤስ ዲ በሚባለው ፈጣን ማከማቻ መተካትና ሜሞሪውን ወደ 8 ጊጋ ባይት ማሳደግ የአሥር ዓመት ላፕቶፕን ለትምህርት የሚበቃ ያደርገዋል። ይህን ያየነው በራሳችን ሁለት ማሽኖች ነው።

የኮምፒውተር ስጦታ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካዊው ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ‹‹ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ›› ባለው ዕቅድ የተሠሩት አረንጓዴና ነጭ ትንንሽ ላፕቶፖች በ2001 ዓ.ም. አካባቢ በሺህ እየተቆጠሩ ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ገብተው ነበር። ዋጋቸው 100 ዶላር ይሆናል ተብሎ ታስቦ ወደ 200 ዶላር የተጠጋ መሆኑ ይታወቃል። ያው ድርጅት በ2004 ዓ.ም. በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ በሚገኙ ሁለት መንደሮች ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ ልጆች ታብሌት ያለ አስተማሪ ሰጠ። ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ከፍተው፣ በወራት ውስጥ የተቆለፈውን ክፍል ሳይቀር እንደ ፈቱት ኔግሮፖንቴ ሲናገር ዓለም ተደነቀ። እኛም ተደንቀናል፤ የሐበሻ ልጅ ብልህ ነው። ነገር ግን ከዚያ ዜና ጋር ተያይዞ የተነገረ ሌላ ነገር ነበር፤ ብዙ ሰው አላስተዋለውም። ታብሌቶቹ በፀሐይ ኃይል የሚሞሉበት መሣሪያ ተተክሎ፣ አዋቂዎች አጠቃቀሙን ተምረው ነበር፤ አንድ ባለሙያም በየሳምንቱ መንደሮቹ ድረስ እየሄደ የማሽኖቹን የማስታወሻ ካርድ ይቀይር ነበር። ማሽኖቹ ያለ ሰው አልተተዉም። በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ብልሽት ሲገጥመው በየክፍሉ ምን ሆኖ እንደ ቀረ የሚያስታውስ አስተማሪ ይህን ለማስረዳት ከእኛ ይሻላል።

አንዳንድ ወዳጆቻችን ‹‹ውጭ አገር በነጻ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ፤ ለምን አትጽፉም?›› ይሉናል። በእርግጥ አሉ። የእንግሊዙ ኮምፒውተር ኤይድ፣ የቤልጅየሙ ክሎዝ ዘ ጋፕ፣ የአሜሪካው ወርልድ ኮምፒውተር ኤክስቼንጅ ያገለገሉ ማሽኖችን አድሰው ወደ ታዳጊ አገሮች በመላክ የታወቁ ናቸው። ሆኖም ነጻ የሚባለው ማሽን ለማደሻና ለማጓጓዣ ክፍያ አለው፤ ሲላክም በብዛት እንጂ አሥርና አሥራ አምስት ተደርጎ አይደለም። አምስት መቶ ማሽን የሚረከብ መጋዘን፣ የጉምሩክ ወረቀት የሚያስጨርስ ሰው፣ በእጅ የሚቆይ ጥሬ ገንዘብ የሌለው ማኅበር ይህን በር ማንኳኳቱ ድካም ነው። ላብዱ የሚባለው ደግሞ የተለየ መንገድ አለው፤ የታደሰ ላፕቶፕ ወደዚያ አገር በሚሄድ መንገደኛ ሻንጣ አንድ ሁለት እያለ እንዲደርስ ያደርጋል። ይህ አሠራር ለእኛ ዓይነቱ ማኅበር ይስማማል።

ለበዓል ወደ አገር ቤት የምትመጡ ወገኖቻችን ከእናንተ የምንፈልገውም ይኸው ነው። ግን ባትሪው በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ዕቃ ውስጥ መሆን እንደሌለበት፣ አንድ ላፕቶፕ የያዘ መንገደኛና አምስት የያዘ መንገደኛም በጉምሩክ ፊት አንድ እንዳልሆኑ አስቡ። የሌላ ሰውን ማሽን ‹‹የራሴ ነው›› ብላችሁ እንድታስገቡልን አንጠይቅም፤ በሐሰት የጀመረ በጎ ሥራ አንወድም።

የማይሠራውን በስጦታ ስም ከአገር አገር ማሻገር እንደ ቀድሞው ቀላል አለመሆኑንም መናገር ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የባዝል ስምምነት ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ቁሻሻ ያለ ተቀባይ አገር ፈቃድ ከድንበር እንዳይሻገር ያዝዛል። እኛም አገር የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቁሻሻ አወጋገድ ደንብ ቁጥር 425/2010 ወጥቷል። በእንጅባራ መጋዘናችን የተቀመጡት የሞቱ ማሽኖች በውስጣቸው እርሳስና ሌላም ጎጂ ነገር አለባቸው። ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ክረምቱ የማያባራው የአገራችን ጭጋግ እያበሰበሳቸው ነው። ወደ ቆሻሻ መጣያ ልንጥላቸው አንደፍርም፤ መልሰን አዲስ አበባ ለመላክ ደግሞ የመጣችሁበትን ዋጋ እንደገና ክፈሉ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል። የማይክሮሶፍት ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 በበኩሉ ከስምንተኛው ትውልድ በፊት የተሠሩ አብዛኞቹን የኢንቴል ማሽኖች አይቀበልም። በዚህ ምክንያት ምንም ያልጎደላቸው ላፕቶፖች ከየባንኩና ከየድርጅቱ ጠረጴዛ እየተነሡ ወደ መጋዘን ይወርዳሉ። ለአነስተኛ ማኅበር ይህ መልካም አጋጣሚ ነው፤ ምክንያቱም ለእኛ ተማሪዎች ዊንዶውስ የግድ አይደለም። ሊኑክስ የሚባለው ነጻ ሥርዓት፣ ሊብሬ ኦፊስ ከሚባለው የጽሕፈት ፕሮግራም ጋር፣ በእነዚህ ማሽኖች ላይ ያለ ችግር ይሠራል። ኮሊብሪ የሚባለውም የትምህርት ፕሮግራም አንድ ጊዜ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ የኢንተርኔት መቋረጥን ላየ አካባቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የፊደል ነገርም አለ። በዞናችን ትምህርት ቤቶች ልጆች በአዊኛ ይማራሉ። አዊኛ በግእዝ ፊደል ቢጻፍም በአማርኛ የሌለ ‹‹ጘ››ን የመሰለ ፊደል ይፈልጋል። በአንዳንድ አሮጌ ማሽኖች ላይ ያለው የአማርኛ ፊደል ይህን ላያውቅ ይችላል፤ በቦታው ባዶ ሣጥን ያሳያል። አቢሲኒካ የሚባለው ነጻ ፊደልና ኪማን የተባለው የመጻፊያ ፕሮግራም ችግሩን ይፈቱታል። አንድ ልጅ የአፍ መፍቻ ቋንቋው በስክሪን ላይ ባዶ ሣጥን ሆኖ ሲያይ ምን እንደሚሰማው ሰጪዎች አስበውት ያውቁ ይሆን?

ስለዚህ ወደ ቅርባችን እንመለስ። የጨረታ ማስታወቂያ ገጾችን የሚያነብ ሰው ‹‹ያገለገሉ የቢሮ ዕቃዎችና ኮምፒውተሮች›› የሚለውን ደጋግሞ ያያል። ዕቃው የሚሸጠው በጅምላ ስለሆነ ገዢው ነጋዴ ነው፤ ማኅበራችን የጨረታ ማስከበሪያ እንኳ ሊያስይዝ አይችልም። የመንግሥት ንብረት የሚወገደው በሕግ መሆኑን እናውቃለን፤ አንድ ኃላፊ በጎ ፈቃድ ስላለው ብቻ ከመጋዘን አውጥቶ ሊሰጥ አይገባውም። ነገር ግን የግል ባንኮች፣ ኢንሹራንሶች፣ ኩባንያዎችና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች በዚህ አልታሰሩም። እነዚህን ተቋማት የሚያስፈራቸው በዲስኩ ውስጥ የቀረው የደንበኛ መረጃ ነው። ፍርሃቱ አግባብ አለው፤ ፋይል ማጥፋት ብቻውን መረጃን አያስወግድም። ሆኖም ዲስኩን ነቅሎ መስበር ብቸኛው መፍትሔ አይደለም፤ ሙሉ ዲስኩን በላዩ ጽፎ የሚያጠፋ ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ሥራው ለአንድ ማሽን የአንድ ሌሊት ጉዳይ ነው። ከአርባ ማሽን አምስት የሚሠሩትን መርጦ፣ አጥፍቶ፣ ቻርጀሩን በገመድ አስሮ መስጠት ከአሥራ አንድ ድፍን ካርቶን ይበልጣል።

ይህን ሐሳብ በማኅበራችን ስብሰባ ስናነሣ አንድ አባላችን ‹‹የሚለምን ሰው ምን ምርጫ አለው?›› አሉን። የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ንግግራቸውም ከክፋት አልነበረም። ሆኖም አልተቀበልናቸውም። የምንለምነው ለራሳችን ቢሆን ኖሮ ዝም ማለት በቻልን። የምንጠይቀው ለልጆች ነው፤ ለልጆቹ ደግሞ ቀን ተቆርጦላቸዋል፤ ፈተናው አይጠብቅም።

ስለዚህ አሠራራችንን ለወጥን። ከእንግዲህ ደብዳቤያችን ‹‹ኮምፒውተር ብትለግሱን›› አይልም፤ ‹‹ቻርጀሩ ያለው፣ የይለፍ ቃሉ የተነሣ፣ ባትሪው ግማሽ ሰዓት የሚያቆይ አምስት ላፕቶፕ›› ይላል። ርክክብ ላይ እያንዳንዱን ከፍተን ካላየን አንፈርምም፤ ስንፈርምም የሠራውን ብቻ ቆጥረን ነው። ደብዳቤውን ካዩት ሰጪዎች አንዱ ተቀይመው ስልካቸውን ዘጉብን። ሌላው ግን በማግስቱ ደውለው ‹‹እንዲህ ብላችሁ የጠየቃችሁን የመጀመሪያዎቹ እናንተ ናችሁ›› ካሉ በኋላ ሁለት ላፕቶፕ ከነቦርሳቸው ላኩ። ሁለቱም ይሠራሉ።

የቀረውን ለመሙላት አባላት በየወሩ ከሚያዋጡት ቆጥበን ሦስት ያገለገሉ ላፕቶፖች አዲስ አበባ ከሚገኝ ሱቅ ገዛን። ባለ ሱቁ የአንድ ሳምንት ዋስትና ሰጠን፤ እኛም ሳምንቱን ሙሉ ሌት ተቀን ሳናጠፋ ፈተንናቸው። ጎረቤቶቻችን የነፋስ ወፍጮ የተከልን ሳይመስላቸው አይቀርም፤ የማቀዝቀዣው ጩኸት ያን ያህል ነበር። ከእነዚህ አንዱ በሦስተኛው ቀን ስክሪኑ መብለጭለጭ ስለ ጀመረ መልሰን ሌላ ወሰድን። በነጻ የተሰጠን ቢሆን ኖሮ እንመልሰው ነበር ወይ ብለን እርስ በርሳችን ተጠያየቅን። አሁን ሦስቱ ዳንግላ ናቸው። የሚጠብቃቸውና በየሳምንቱ የሚያያቸው በዚያው ከተማ የሚኖር የኮምፒውተር ሙያ የተማረ ወጣት ነው፤ ለትራንስፖርቱ እንከፍለዋለን። በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲና በአካባቢው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች እንዲህ ያሉ ወጣቶች አሉ፤ ማሽን ከመጠየቃችን በፊት እነርሱን መጠየቅ ነበረብን።

ከመጀመሪያዎቹ አሥራ አንድ መካከል ሃርድ ዲስክ ያልነበራቸው ሁለቱ ኤስ ኤስ ዲ ገብቶላቸው ተነሥተዋል። የተቆለፉት አራቱ እስከ ዛሬ አልተከፈቱም። ሦስቱ ደግሞ ቻርጀር ይጠብቃሉ፤ ባለ 19.5 ቮልት፣ ክብ ወፍራም ጫፍ ያለው፣ መሐሉ ላይ ቀጭን መርፌ የቆመበት ነው። በበዓሉ ሰሞን ቤት ስታጸዱ እንዲህ ያለ ገመድ በመሳቢያ ውስጥ ብታገኙ አትጣሉት፤ መሥራቱን ብቻ አስቀድማችሁ ሞክሩት።